የሁለቱ ድንኳኖች ሒሳብ፦ የአቶ ኪዳኔ በቃሉ የሕይወት ታሪክ (1967–2018 ዓ.ም.)

አቶ ኪዳኔ በቃሉ ከአባታቸው ከአቶ በቃሉ ወርቄ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንዱ አያሌው ሐምሌ 7 ቀን 1967 ዓ.ም. በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር፣ በየጁ አውራጃ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ድርቁ በጠናበት በ1977 ዓ.ም.፣ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው፣ ቤተሰቡ በሰፈራ ፕሮግራም ወደ አሶሳ መጣ።

የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት አሥራ ሁለት አባወራ በተጠጋጋበት አንድ ረጅም የሣር ዳስ ውስጥ ነው። በዚያው ክረምት ተቅማጥና ትውከት ገባ። ታናሽ እኅታቸውና ታናሽ ወንድማቸው በአራት ቀን ልዩነት ሞቱ። ለቤቱ ውኃ ይቀዱ የነበሩት ኪዳኔ ናቸው። ልጆቹን የገደለው እሳቸው የቀዱት ውኃ ይሁን አይሁን የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቃቸውም የለም። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን ያልፈላ ውኃ አልጠጡም። ሰው ቤት በእንግድነት ሄደው ከንፈራቸው ደርቆ የሚመለሱበት ጊዜ ብዙ ነበር።

አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራ መንደሩ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአሶሳ ተምረው በ1986 ዓ.ም. አጠናቀቁ። በ1988 ዓ.ም. በሒሳብ መዝገብ አያያዝ በዲፕሎማ ተመረቁ። በኅዳር ወር 1989 ዓ.ም. በአሶሳና በሸርቆሌ መካከል በምትገኘው በከተማችን በቤልሙሳ በረዳት ገንዘብ ያዥነት ተቀጠሩ። ቀጥሎም ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ሹም፣ የበጀት ባለሙያ ሆነው ሠሩ። በ1998 ዓ.ም. በርቀት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበሩ።

ጥር 15 ቀን 1991 ዓ.ም. ከመምህርት አሰለፈች ይመር ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው፣ በ1992 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን ቤዚን፣ በ1998 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ቦዔዝን ወለዱ።

አቶ ኪዳኔ ፈሪ ሰው ነበሩ። ይህ ቃል ከጽሑፉ እንዲወጣ ከዘመድ ተጠይቆ ነበር። ቃሉ ከወጣ ግን የቀረው ታሪክ ትርጉም አይኖረውም። ካዝና ቆልፈው ከወጡ በኋላ ከመንገድ ሁለት ጊዜ ተመልሰው እጀታውን ይነቀንቁ ነበር። በክረምት የእንጨት ድልድይ አይሻገሩም። ከበላይ አለቃ ጋር ተከራክረው አያውቁም። ማንኛውንም ወረቀት ከመፈረማቸው በፊት ሦስት ኮፒ እንዲነሳ ያዛሉ፦ አንዱ ለፋይል፣ አንዱ ለሚመለከተው ክፍል፣ አንዱ ለቤታቸው ሳጥን። በመሥሪያ ቤቱ ስማቸው «ሦስት ኮፒ» ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ «ለእናቴማ የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ይመልሱ ነበር። እናታቸው በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም መልሳቸው አልተለወጠም።

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር ቤልሙሳ ውስጥ ኮሌራ ገባ። በወቅቱ በጽሑፍ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ይባል ነበር፤ በአፍ ግን ሁሉም በስሙ ይጠራው ነበር። የከተማው የጉድጓድ ውኃ ፓምፕ በግንቦት ተቃጥሎ ሰው ከወንዝ ይቀዳ ነበር። የመጀመሪያዋ ታማሚ ሰኔ 11 ቀን ወደ ጤና ጣቢያው መጣች። እስከ ሰኔ 15 ሠላሳ አንድ ሰው ታመመ። ጤና ጣቢያው ስድስት አልጋ ነበረው። የቀረው ሰው በኮሪደር ላይ፣ ባልዲ አጠገቡ ተቀምጦለት፣ ሲሚንቶ ላይ ተኛ። ገበያው ሳይበተን ባዶ ሆነ፤ ሻጭ ዕቃውን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ የሚገዛ የለም። ሰው ከሰው ጋር መጨባበጥ አቆመ። ጠዋት አብሯችሁ ተቀምጦ ያወራ ሰው ከሰዓት በኋላ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ የጣቱ ቆዳ ተጨማድዶ በጋሪ ሲያልፍ ታዩታላችሁ። በየቤቱ የሚደመጠው የጋሪ ድምፅ ነበር፦ አለፈ ወይስ ቆመ።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ ግዢ አይፈቀድም፤ አዲሱ በጀት ደግሞ ጸድቆ ወደ ከተማ እስኪወርድ ነሐሴ ይገባል። በሽታው የገባው በዚህ መሐል ነው። የመጠባበቂያ በጀት ለዚህ ለዚህ ጊዜ የሚቀመጥ ነበር፤ ነገር ግን ጥር ላይ ለአንድ በዓል ዝግጅት፣ ለቲሸርትና ለአበል ወጥቶ አልቋል። አቶ ኪዳኔ ያን ጊዜ በጽሑፍ ተቃውመው ነበር። ተጠርተው ሲጠየቁ ግን ደብዳቤያቸውን መልሰው ወሰዱ። ይህም የታሪካቸው ክፍል ነው።

ክልሉ መድኃኒት፣ ግሉኮስና ክሎሪን ላከ። ታማሚዎችን ለብቻ ማቆያ ቦታ፣ ውኃ ለሚያመላልስ መኪና ነዳጅና የቀን ሠራተኛ ከተማው እንዲሸፍን ታዘዘ። ሰኔ 14 ቀን የወቅቱ ከንቲባ ለአቶ ኪዳኔ የውክልና ደብዳቤ ሰጥተው ለአስቸኳይ ስብሰባ ወደ አሶሳ ሄዱ። ስብሰባው አምስት ሳምንት ፈጀ። ስልካቸው አልፎ አልፎ ይጠራ ነበር፤ የሚያነሳው ግን አልነበረም። በከተማው ሒሳብ ውስጥ የነበረው ገንዘብ 684,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ እሱም የ112 ሠራተኞች የሰኔ ደመወዝ ነው። ደመወዝ ለሌላ ጉዳይ ማዋል በሕግ የተከለከለ ነው። ይህን ከአቶ ኪዳኔ በላይ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም።

ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቅ መንገድ ፈለጉ። ለአሥራ አራት ዓመት የዕድር ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉ በመሆናቸው የዕድሩን ድንኳን አሰቡ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ በኃይሉ መጀመሪያ አልተቀበሉም። «ድንኳኑ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው» አሉ። አቶ ኪዳኔም «እኔ የምጠይቀው ሰው እንዳይሞት ነው» አሉ። «እንግዲህ እንዲህ የሚል ደንባችን ላይ የለም። ደንቡን የጻፍከው ደግሞ አንተው ነህ።» በመጨረሻ ጋሽ በኃይሉ ሦስት ኮፒ አስፈርመው ሰጡ። ኮፒውን ያስነሱት በቀልድ ነበር፤ አቶ ኪዳኔ ግን በቁም ነገር ተቀበሏቸው። ድንኳኑ ሰኔ 16 ቀን ከጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው ኳስ ሜዳ ላይ ተተከለ። ከተማው አንድም ሳንቲም አላወጣም።

ይህ ውሳኔ ስህተት ነበር።

በቤልሙሳ በዚያ ቡናማ ሸራ ሥር ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ክርስቲያኑ የራሱን ሰው፣ ሙስሊሙ የጎረቤቱን ሰው ያለቀሰው እዚያ ሥር ነው። ድንኳኑ ከሩቅ ሲታይ ሰው ሳይጠይቅ ነጠላውን የሚያዘቀዝቅበት ዕቃ ነው። አሁን ደግሞ ሕመምተኛ ግቡበት ተባለ። በመጀመሪያው ቀን በቃሬዛ የመጡ አንድ ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩና «ወዴት ነው የምትወስዱኝ? ለራሴ ለቅሶ ነው እንዴ?» አሉ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ፤ ወዲያው ግን መልሰው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። በማግስቱ መንግሥት የሚሞተውን ሰው ቁጥር ስላወቀ ድንኳኑን ቀድሞ ተከለ የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰ። የገባ አይወጣም ተባለ። በሦስት ቀን ውስጥ ድንኳኑ ውስጥ የገቡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አቶ ኪዳኔ ቁጥሩን አይተው በሽታው እየቀነሰ ነው ብለው አመኑ። ማመን ስለፈለጉ ነው ያመኑት። ሰኔ 18 ቀን ወደ ክልል የላኩት ሪፖርት «በተወሰደው ወጪ ቆጣቢ እርምጃ ሥርጭቱ በቁጥጥር ሥር እየዋለ ነው» ይላል። ሪፖርቱ ዛሬም በቤታቸው ሳጥን ውስጥ አለ።

ሰኔ 19 ቀን ጠዋት የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ኢቲዳል አልሐሰን ወደ ቢሮአቸው ገቡ። ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም። ሌሊቱን ሙሉ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት ሲዞሩ አድረው ነው የመጡት።

«ያንተ ድንኳን በነፃ ነው አይደል?» አሉ።

አቶ ኪዳኔ በነፃ መሆኑን ተናገሩ።

«በነፃ ሰባት ሰው ወሰደ። ቤት ውስጥ ደብቀው። ሦስቱ ልጅ ነው።» ሲስተር ኢቲዳል አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው፤ ሲናደዱ ያሳጥሩታል። «ሰው በሽታ አልፈራም፣ ድንኳን ነው የፈራ። የሰርግ ድንኳን አምጣልኝ።»

«የሰርግ?»

«አዎ የሰርግ። ሰው ሰርግ ይገባል። ነጭ፣ ቀይ መጋረጃ ያለው። አልአሚን ጋ አለ።»

በከተማው አንድ የሰርግ ድንኳን ነበር፤ ባለቤቱ ነጋዴው አቶ አልአሚን ናቸው። አቶ ኪዳኔ ሄደው ለኪራይ ጠየቁ። አቶ አልአሚን አሻፈረኝ አሉ። «ወላሂ አቶ ኪዳኔ፣ ማከራየት አልችልም። ከዚህ በኋላ ልጁን እዚህ ሥር የሚድር ማነው? ከፈለግህ ግዛው፤ ያኔ ያንተ ነው።» ዋጋው 310,000 ብር ነበር። የወለል ፕላስቲኩን በነፃ ጨመሩ።

ለዚህ ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የአምስት ሰው የግዢ ኮሚቴ፣ የበጀት ርዕስና የምክር ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ሻጩ አንድ ነው። ከኮሚቴው ሁለቱ ከተማውን ለቀው ሄደዋል፤ አንዱ የታመመች ሚስቱን እያስታመመ ነው። የበጀት ርዕስ የለም። ምክር ቤቱን የሚጠራው ከንቲባ አሶሳ ነው። ያለው የሠራተኛው ደመወዝና የአቶ ኪዳኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ አቶ ኪዳኔ ቢሮአቸው ውስጥ አስታወኩ። ጸሐፊያቸው ድምፁን ሰምታ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሕንፃው በሙሉ ባዶ ሆነ። «ኪዳኔም ያዘው» የሚለው ወሬ ከእሳቸው ቀድሞ ቤታቸው ደረሰ። የያዛቸው ኮሌራ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ወለሉን ራሳቸው በክሎሪን አጠቡ። ከዚያ ተቀምጠው ደብዳቤ ጻፉ። የሚጽፍላቸውም ኮፒ የሚያነሳላቸውም ስላልነበረ ሦስቱንም በእጃቸው ገለበጡ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ለሠራተኞች የሰኔ ደመወዝ ከተላከው ገንዘብ 310,000 ብር አንስቼ ያለ ጨረታ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ በጀት ርዕስ ድንኳን መግዛቴን አስታውቃለሁ። ድርጊቱ ከደንብ ውጪ መሆኑን አውቃለሁ። ያዘዘኝ ሰው የለም። ሠራተኞች በዚህ ወር የሚያገኙት ግማሽ ደመወዝ ነው። ቀሪው 32,000 ብር ለውኃ መኪና ነዳጅ ይውላል።»

አንዱን ለክልሉ፣ አንዱን ለኦዲት በአሶሳ ሚኒባስ ሾፌር ላኩ። ሦስተኛው ቤታቸው ቀረ። ደብዳቤው ሲላክ ገንዘቡ ገና አልወጣም ነበር። ራሳቸውን የከሰሱት ጥፋቱን ከመሥራታቸው በፊት ነው።

ቼኩ ላይ ሁለተኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ዓፊያ ቤታቸው ተፈልገው መጡ፤ በር ላይ ቆመው ቼኩን አነበቡ። «እኔ እንኳ አልፈርምም ነበር» አሉ። «ግን አንተ ከፈረምክ፣ ነገሩ የእውነት ከባድ ነው ማለት ነው። ብዕሩን ስጠኝ፤ አትንካኝ ብቻ።»

የሰርጉ ድንኳን ሰኔ 21 ቀን ተተከለ። የዕድሩ ድንኳን በጤና ባለሙያዎች ትእዛዝ ተቃጠለ፤ ዕድሩ በኋላ በአባላት መዋጮ ሌላ ገዛ። አዲሱ ድንኳን ነጭ ነበር፤ በውስጡ ቀይ መጋረጃና ወርቃማ ዘርፍ አለው። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች በዚያው ቀን ገቡ። ወይዘሮ ነዕማ የተባሉ አዛውንት ልጆቻቸው ተሸክመው ሲያስገቧቸው መጋረጃውን አይተው «ሙሽራዋ የታለች?» ብለው ጠየቁ። ሲስተር ኢቲዳል ኩባያውን አቀረቡላቸውና «ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እማማ፣ ጠጪ» አሉ። ወይዘሮ ነዕማ በአራተኛው ቀን በእግራቸው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሰው ያለ ጉትጎታ መጣ። እስከ ነሐሴ 20 ቀን ድረስ 338 ሰዎች ገብተው 329 ሰዎች ድነው ወጡ። ዘጠኙ አረፉ።

ያን ክረምት ከተማው አቶ ኪዳኔን አላመሰገነም። 112 ቤተሰቦች በበሽታው መሐል ግማሽ ደመወዝ ይዘው ቀሩ። የግማሽ ደመወዙ ማስታወቂያ በተለጠፈ ቀን ሠራተኞች ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተሰበሰቡ። ማንም ሰውን ላለመንካት ተራርቆ ቆሞ ነበርና ሰልፍ እንጂ ረብሻ አይመስልም ነበር። ከመሐላቸው አንዱ «በእኛ ደመወዝ ሰርግ ደገሰ» አለ። አልሳቁም። አንድ ድንጋይ መስኮቱን ሰብሮ ገባ። አቶ ኪዳኔ ከጠረጴዛቸው ሥር አንድ ሰዓት ቆዩ። ይህን ለቤተሰባቸው የነገሩት ራሳቸው ናቸው። የባለቤታቸውም ደመወዝ ከተቆረጡት አንዱ ነበር።

ቤት ሲመጡ ልብሳቸውን ከግቢ ውጪ አውልቀው በክሎሪን ይዘፈዝፉ ነበር። እጃቸው ተሰነጣጥቆ ይደማል። ለብቻቸው በረንዳ ላይ ይበላሉ። ልጆቻቸውን በመስኮት ያነጋግሩ ነበር፤ ንግግሩም ስለ ውኃ ብቻ ነው፦ ፈላ ወይ፣ ማን ቀዳው፣ ክዳን አለው ወይ። አንድ ቀን ቦዔዝ ከጎረቤት ቤት ውኃ ጠጥቶ መጣ። አቶ ኪዳኔ ልጃቸውን ያን ቀን መቱት፤ በሕይወታቸው የመቱት ያኔ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሥራቸውን ትተው የልጁን ዓይን ሲያዩ ሰነበቱ። ቦዔዝ አልታመመም።

ክልሉ የጎደለውን ደመወዝ ነሐሴ 28 ቀን ላከ። ሠራተኛው ሙሉ ገንዘቡን አገኘ።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሁለት ኦዲተሮች መጡ። ሥራቸውን በሁለት ሰዓት ጨረሱ፤ የሚያስፈልጋቸው ሁሉ ራሳቸው አቶ ኪዳኔ በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ነበር። ያለ ጨረታና ያለ በጀት ርዕስ የወጣው 310,000 ብር በግል እንዲመለስ ተወሰነ። ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ 3,600 ብር፣ የደመወዛቸው ሲሶ፣ ይቆረጥ ጀመር። ከኃላፊነት ተነስተው መዝገብ ቤት ተመደቡ። በዐቃቤ ሕግም ፋይል ተከፈተ። ፋይሉ አልተዘጋም፤ ክስም አልተመሠረተም።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ያን ፋይል እየጠበቁ ነው። መኪና በግቢው በር ላይ በቆመ ቁጥር ተነስተው ጫማቸውን ያደርጉ ነበር። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ «በነጠላ ጫማ መወሰድ አልፈልግም» አሉ። ቅያሪ ልብስ፣ ሳሙናና የደም ግፊት መድኃኒት የያዘች ቦርሳ ከአልጋቸው ሥር ተቀምጣ ነበር። የመጣው መኪና የእህል ወይም የጎረቤት እንግዳ ሆኖ ሲገኝ ጫማቸውን አውልቀው፣ ላባቸውን ጠርገው ይቀመጣሉ። ይህ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ቀጠለ።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. መፍትሔ የሚመስል ነገር መጣ። በከተማው የተቋቋመ አንድ ኮሚቴ ጉዳዩን አይቶ ቀሪው ዕዳ እንዲሰረዝና ፋይሉ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበ። ለዚህም አቶ ኪዳኔ አንድ ቅጽ መፈረም ነበረባቸው። ቅጹ ላይ አስቀድሞ የተተየበው እንዲህ ይላል፦ «ክፍያውን የፈጸምኩት በወረርሽኙ ድንጋጤ ምክንያት በስህተት መሆኑን አረጋግጣለሁ።»

ቤተሰቡ ተደሰተ። ልጃቸው ቤዚ ሌላውን ሁሉ ሞልታ የፊርማውን ቦታ ብቻ አስቀርታ ሰጠቻቸው። ቅጹን ሁለት ቀን አነበቡት። ሲስተር ኢቲዳል ሳይቀሩ ቤት ድረስ መጥተው «ፈርም፣ እኛ እውነቱን እናውቃለን» አሉ። ወይዘሮ አሰለፈች ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ናት። ፈርምና እንተኛ» አሉ።

አቶ ኪዳኔ አልፈረሙም። ዕድሜ ልካቸውን የተሰጣቸውን ወረቀት ሁሉ እየፈሩ የፈረሙ ሰው፣ ይህን ግን አጥፈው ለቤዚ መለሱላት። «ፈርቼ ነበር» አሉ። «አልተሳሳትኩም።» ቤዚ በዚህ ተናዳ ለአንድ ሳምንት አላነጋገረቻቸውም።

ለኮሚቴው የላኩት መልስ አጭር ነው። «ስህተቴ የመጀመሪያው ድንኳን ነው። እሱ በነፃ ስለነበረ በኦዲት አልታየም፤ የጠየቀኝም የለም። በእሱ ምክንያት ሰኔ 17፣ 18 እና 19 ቀን ሰባት ሰዎች በየቤታቸው ሞተዋል። በሽታው እየቀነሰ ነው ብዬም ሪፖርት ልኬአለሁ። ቅጹ ስለዚህ ከሆነ ዛሬ እፈርማለሁ። ሁለተኛውን ድንኳን የገዛሁት ግን አውቄ ነው።» ከሥሩ የሰባቱን ሰዎች ስም ከነዕድሜያቸው ጽፈዋል። ኮሚቴው መልስ አልሰጠም። ደመወዛቸው መቆረጡ ቀጠለ።

የቆየው የደም ግፊታቸው ኩላሊታቸውን መጉዳቱ የታወቀው በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። ከደመወዛቸው መቆረጥ በኋላ መድኃኒታቸውን አንድ ወር ወስደው አንድ ወር ይዘልሉ እንደነበር ቤተሰቡ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ለማንም አልተናገሩም። በአሶሳ ሕክምና ሲከታተሉ ቆዩ። ወደ አዲስ አበባ ተልከው በሳምንት ሁለት ቀን በማሽን ደማቸው እንዲታጠብ ቢታዘዝም ወጪው ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሆነ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሕመማቸው ሲጠና፣ ያው ቅጽ በባለቤታቸው ስም ተስተካክሎ እንደገና ቤት መጣ። ወይዘሮ አሰለፈች ቢፈርሙ ዕዳው እንደሚሰረዝና ቤተሰቡ ለሕክምና መበደር እንደሚችል ተነገራቸው። ወይዘሮ አሰለፈች ቅጹን አንብበው ወደ ሕመምተኛው ክፍል ገቡ። ብዙ ሳይቆዩ ወጡና ወረቀቱን ባዶውን ለመልእክተኛው መለሱ። ውስጥ ምን እንደተባባሉ ማንም አልጠየቃቸውም።

አቶ ኪዳኔ ዓርብ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ቤታቸው ውስጥ አረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን በቤልሙሳ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።

ከተወሰነባቸው ገንዘብ እስከ ዕለተ ሞታቸው በአሥራ ዘጠኝ ወር 68,400 ብር ከፍለዋል። 241,600 ብር ይቀራል። ቤተሰቡ ስለ ቀሪው ገንዘብ ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ሲደርሰው በሕጉ መሠረት መልስ ይሰጣል። ለዚህ ጉዳይ መዋጮ ለመሰብሰብ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል፤ እንድትተዉት በአክብሮት እንጠይቃለን። ቅጹንም ባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸውም ሆነች ወንድ ልጃቸው አይፈርሙም።

አቶ ኪዳኔ ባለቤታቸውን መምህርት አሰለፈች ይመርን፣ ልጆቻቸውን ቤዚ ኪዳኔንና ቦዔዝ ኪዳኔን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው የሕክምና ባለሙያዎች፣ በየቀኑ እየመጡ ላልተለዩዋቸው ለሲስተር ኢቲዳል አልሐሰንና ለወይዘሮ ዓፊያ፣ ዛሬም ለተገኛችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

መሐሪው አምላክ የአቶ ኪዳኔን ነፍስ በር ተንኳኩቶ ማንም ከማይደነግጥበት ቤት ያስገባልን። ከእሳቸው በፊት በየቤታቸው ተደብቀው የሞቱትን የሰባቱን ሰዎች ነፍስም በዚያው ይቀበልልን። አሜን።